ከጥጃ ገመድ እስከ ማለቢያ ሮቦት
የወተት ሥራ ታሪክ በሰሜን ሸዋ



በየዓመቱ የምሥረታ በዓላችንን ስናከብር ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ እህል ግብይት ብዙ ይባላል። በዚህ እትም ደግሞ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ በየቤታችን በዝምታ ስለሚከናወን አንድ ሥራ፣ ማለትም ስለ ላም ማለብ፣ ታሪኩን መለስ ብለን ብናይ መልካም ነው ብለን አሰብን። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። የአባላት ልጆች በእጅ ስልካቸው ላይ አንድ ነገር እያሳዩን ነው። ላሟ ማንም ሳይጎትታት በራሷ ፈቃድ ወደ አንድ ማሽን ትገባለች፤ የብረት ክንድ ከሥሯ ተዘርግቶ ጡቷን ያጥባል፣ ያልባል፣ ሲጨርስም ይለቃታል። ገበሬው በአጠገቧ የለም። “ይህ ነገር እኛ ዘንድ መቼ ይመጣል?” የሚል ጥያቄ በስብሰባዎቻችን ላይ ሳይቀር መነሳት ጀምሯል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በሌላ በኩል “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” የሚለውን የአባቶች ተረት እንዳንደግመው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መልሱን ለማግኘት በአካባቢያችን ከዚህ በፊት የመጡትን አዳዲስ ነገሮች፣ የትኞቹ እንደጸኑና የትኞቹ እንደቀሩ፣ ለምን እንደቀሩም ማየት ይበጃል።

አንኮበርና የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች

የሰሜን ሸዋ ሰው ከውጭ ከመጣ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን መልእክተኞች ተቀብለው ሲያነጋግሩ፣ ጠመንጃም የእጅ ሥራ ዕውቀትም ይፈልጉ ነበር። በኋላም ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1879 ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ሸዋ መጥቶ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከነበሩት ተጓዦች ጽሑፍ አንድ ትምህርት ሰጪ ነገር እናገኛለን። አንድ የውጭ ባለሙያ በሸዋ የውሃ ወፍጮ ተክሎ ነበር። ወፍጮው ቢዞርም ካህናቱ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ስላሉት ሥራው ብዙም ሳይቆይ ተቋረጠ። እህል መፍጨት በዚያን ዘመን ሴቶችን ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳ እጅግ አድካሚ ሥራ ነበር። ድካሙን ሊያቀልላቸው የሚችለው ነገር ደጃቸው ደርሶ ተመለሰ። ወፍጮው የቆመው መሥራት አቅቶት አልነበረም። ሰው ሳይዘጋጅበት፣ ጥቅሙ ሳይገለጥለትና የእኔ ነው የሚለው ሳይገኝ ስለተተከለ ነው። ይህን በልባችን ይዘን እንቀጥል።

በእጅና በጥጃ

የአካባቢያችን ነባር የወተት ሥራ የራሱ ሥርዓት አለው። የአገራችን ዝርያ ላም ጥጃዋ ቀርቦ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም። ስለዚህ ጥጃው ለአፍታ ይጠባና በገመድ ከአጠገቧ ይታሰራል፤ እሷ እየላሰችው ትታለባለች። ጥጃው ቢሞት ወተቱም አብሮ ስለሚሄድ፣ በየአገሩ ቆዳውን ገለባ ጠቅጥቆ ከላሟ ፊት የማቆም ልማድ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ተራ ነገር ቢመስልም ለርዕሳችን ትልቅ ቁም ነገር አለው። ማለቢያ ማሽን የሚፈልገው ያለ ጥጃ ወተቷን የምትለቅ ላም ነው። ስለሆነም ማሽን ከመምጣቱ በፊት ላሟ ራሷ መለወጥ ነበረባት።

ማለቢያው ዕቃ በወይራ ጭስ ይታጠናል። ይህም ወተቱን መልካም ጠረን ከመስጠቱ በላይ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ወተቱ ለጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ ሲረጋ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ተሞቆ አይብ ይሆናል፣ አጓቱም አይጣልም። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቅቤ በአብዛኛው የእመቤቲቱ ገንዘብ ነበር። የጨው፣ የቡና፣ የልጆች ደብተርና እርሳስ ወጪ ከእሱ ይሸፈናል። ይህንንም ልብ እንበል፦ በወተት ሥራ ላይ የሚመጣ ማናቸውም ለውጥ የሚነካው ላሟን ብቻ አይደለም፤ የቤቱንም ኪስ፣ በተለይም የእናቶችን ኪስ ይነካል።

የአገር ላም በቀን የምትሰጠው ወተት በአማካይ ከአንድ ተኩል ሊትር የሚበልጥ አይደለም። ሆኖም ብርዱን፣ ረሃቡንና በሽታውን ችላ ትኖራለች፤ በሬም ትወልዳለች። የደጋ ገበሬ ላም የሚይዝበት ዋናው ምክንያት የእርሻ በሬ ለማግኘት ስለነበር፣ ወተቱ እንደ ምርቃት ይታይ ነበር።

የፈረንጅ ላሞች አመጣጥ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ወተት ሥራ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. 1947 ነው። በዚያ ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና የመልሶ ማቋቋም ድርጅት ከጦርነቱ በኋላ 300 የሚሆኑ የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብቶችን ለኢትዮጵያ ሰጠ። ከዚህ በመነሣት በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት እርባታዎች ተስፋፉ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ ድጋፍ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1971 የወተት ልማት ድርጅት ሥራውን ተረክቦ፣ ከከተማው ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ወተት መሰብሰብና ለአርቢዎች አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በአርሲም እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት ዲቃላ ጊደሮችን ለገበሬዎች ማከፋፈሉ በብዙ አካባቢዎች አርዓያ ሆነ።

የደርግ መንግሥት ትላልቅ የግል እርባታዎችን እ.ኤ.አ. በ1975 ወረሰ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1979 የወተት ልማት ኢንተርፕራይዝ ተመሠረተ። በ1981 በቃሊቲ ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል መቋቋሙ ግን ለእንደኛ ላለው አነስተኛ ገበሬ ከሁሉም የሚልቅ እርምጃ ነበር። ኮርማ ለመግዛትና ለመቀለብ አቅም የሌለው ሰው የምርጥ ኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን ተጠብቆ ደጁ ድረስ ሊመጣለት ቻለ። አገልግሎቱ ችግር አልባ ነበር ማለት ግን አይቻልም። ላም የምትደራው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። አዳቃዩ በዓል ነው ብሎ ከቀረ፣ መኪናው ነዳጅ ካጣ ወይም ናይትሮጅኑ ካለቀ፣ ሃያ አንድ ቀን መጠበቅ ግድ ይሆናል። ሃያ አንድ ቀን ማለት ደግሞ ወተት የሌለበት ሃያ አንድ ቀን ነው።

ኢልካ በደብረ ብርሃን

ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን በወተት ምርምር ታሪክ ውስጥም ስሟ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1974 መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል (ኢልካ) በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ነበረው። በዕድሜ የገፉ አባሎቻችን “ኢልካ” የሚለውን ስም እስከ ዛሬ የሚያስታውሱት ለዚህ ነው። ማዕከሉ በኋላ ኬንያ ካለው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ተቋም ጋር ተዋሕዶ እ.ኤ.አ. በ1994 ዛሬ ኢልሪ የምንለው ተቋም ሆነ።

የኢልካ ሥራ ለርዕሳችን በሦስት ምክንያት ይጠቅማል። አንደኛ፣ የቦረናና የፍሪዥያን ዲቃላ ላሞችን ለአነስተኛ ገበሬዎች ሰጥቶ በገበሬው ጓሮ፣ በገበሬው መኖ እንዴት እንደሚሆኑ ተከታተለ። ዲቃላዋ ድርቆሽ፣ ፋጉሎና ፍሩሽካ ካገኘች ከአገር ላም ብዙ እጥፍ እንደምትሰጥ ታየ። ካላገኘች ግን ከአገር ላም ቀድማ የምትጎዳው እሷ ናት። ሁለተኛ፣ ዲቃላ ላሞችን ለእርሻ ማሠልጠንና በአንድ በሬ ማረስን ሞከረ። ሐሳቡ መሬትና መኖ ለጠበበበት ገበሬ የበሬዎችን ቁጥር መቀነስ ነበር። ሙከራው በጣቢያው ውስጥ ቢሠራም በገበሬው ዘንድ አልተስፋፋም። ዋጋዋ ውድ የሆነችን፣ ወተት የምትሰጥንና ምናልባትም እርጉዝ የሆነችን ላም ቀንበር ላይ ለማዋል የሚደፍር ገበሬ ጥቂት ነበር። ገበሬው ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ሦስተኛውና ብዙ ያልተወራለት ሥራ ስለ መናጫ ነው። የኢልካ ባለሙያዎች ባለንበት የሸክላ መናጫ ውስጥ የሚገባ ከእንጨት የተሠራ ማማሰያ አበጁ። መናጫው መወዝወዙ ቀርቶ ማማሰያው በገመድ እየተሳበ ይሽከረከራል። የመናጫው ጊዜ በግማሽና ከዚያም በላይ አጠረ፤ የሚወጣውም ቅቤ ጨመረ። ኤሌክትሪክ አልጠየቀም፣ ከውጭ የሚገዛ መለዋወጫም አልነበረውም። የሰፈር አናጺ ይሠራዋል። እናት የምታጠፋውን ሰዓት ያተረፈ እንዲህ ያለ መሣሪያ ከትልልቆቹ ማሽኖች ያነሰ ክብር ሊሰጠው አይገባም።

በዚያው ዘመን ጊዶ ግሪሴልስ የተባሉ ተመራማሪ በባሶና ወራና ወረዳ ገበሬዎች ላይ ለዓመታት ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቷል። ጥናቱ እንዳሳየው በደጋው ገበሬ ቤት ዋነኛው የጥሬ ገንዘብ ምንጭ እህሉ ሳይሆን እንስሳው ነው። ውርጭ ገብሱን ሲመታው ቤቱን የሚያቆመው በጉና ላሙ እንደሆነ ለሰሜን ሸዋ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ወተትና መንገድ

ወተት እንደ እህል ተከምሮ ዋጋ እስኪያገኝ አይጠብቅም። በመሆኑም የወተት ታሪክ የመንገድ ታሪክ ነው። የወተት ልማት ኢንተርፕራይዝ በአዲስ አበባ ዙሪያ 25 ያህል መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ሲኖሩት፣ የተዘረጉት በሰላሌ፣ በሆለታና በደብረ ብርሃን መስመሮች ላይ ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በአስፋልት ዳር ያለችው ደብረ ብርሃን የትኩስ ወተት አገር ስትሆን፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ብላ በገደል አፋፍ ላይ ያለችው አንኮበር የቅቤና የአይብ አገር ሆና ቆየች። ልዩነቱ ከላሟም ከሰዉም አልመጣም፤ ከመንገዱ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት ስንደምር ከዓመቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቀን ወተት ከገበታ የሚወጣበት ነው። ላሟ ግን አትጾምም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከዓመታት በፊት በአንድ የሁዳዴ ሰሞን ከመሰብሰቢያ ጣቢያ “ዛሬ አንቀበልም” ተብሎ ሁለት ጀሪካን ወተት ይዞ የተመለሰበትን ጠዋት አይረሳውም። ለብቻው የቆመ ገበሬ በእንዲህ ያለ ቀን ያለው ምርጫ መድፋት ወይም በሚሰጠው ዋጋ መሸጥ ነው።

ኅብረት ሥራ ማኅበር ያስፈለገው ለዚህ ነው። በአገራችን የኅብረት ሥራ ሕግ ብዙ ደረጃዎችን አልፏል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አዋጅ ቁጥር 241/1958፣ በደርግ ዘመን አዋጅ ቁጥር 138/1970 ወጥተዋል። በደርግ ዘመን ማኅበር ማለት በግዳጅ የሚገባበት ሆኖ ስለነበር ስሙ ራሱ በገበሬው ዘንድ ተጠልቶ ነበር። በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ ግን ማኅበራት እንደገና ነፍስ ዘሩ፤ በአዋጅ ቁጥር 402/1996 ተሻሽሎ፣ በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ተተካ። በቢሾፍቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በ34 አባላት የተጀመረው የአድአ የወተት ማኅበር አድጎ የብዙ መቶ አርቢዎች ማኅበር መሆኑ፣ ትንሽ ጅምር የት እንደሚደርስ ያሳያል።

በደብረ ብርሃንም ከተማዋ ስታድግ ሁለት ነገር አብሮ መጣ። ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ በተከፈቱት የቢራ ፋብሪካዎች ምክንያት የብቅል ተረፈ ምርት ለላሞቻችን መኖ ሆነ። በአንጻሩ ከተማዋና ፋብሪካዎቿ ሲሰፉ የግጦሽ መሬት ጠበበ። መንግሥትም በ2015 ዓ.ም. “የሌማት ትሩፋት” በሚል መርሐ ግብር ወተትን ከዋና ዋና ትኩረቶቹ አንዱ አድርጓል።

ሮቦቱ የት ተወለደ? ለምን?

አሁን ወደ ልጆቻችን ስልክ እንመለስ። ማሽን ላም ማለብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል እ.ኤ.አ. በ1878 ክሬም ከወተት የሚለይ ማሽን ሠራ። በ1895 ደግሞ በስኮትላንድ እየሳበና እየለቀቀ የጥጃን አጠባብ የሚመስል ማለቢያ ተፈለሰፈ። የዛሬዎቹ ማለቢያ ማሽኖች ሁሉ የቆሙት በዚህ ሐሳብ ላይ ነው። ዝም ብሎ የሚስብ ማሽን የላሟን ጡት ያቆስል ስለነበር፣ ሰው ከጥጃ መማር ነበረበት።

ማለቢያ ሮቦት ለገበያ የቀረበውና በገበሬ ቤት የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1992 በኔዘርላንድ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዷ ላም አንገቷ ላይ መለያ ታስራለች። መኖ ፈልጋ ወደ ማሽኑ ስትገባ ማሽኑ ማንነቷን ያውቃል፤ ታልባ ብዙ ሰዓት ካልሆናት መልሶ ይለቃታል። ጊዜዋ ከደረሰ በካሜራና በጨረር እየፈለገ አራቱንም ጡቶች ያጥባል፣ ማለቢያውን ያጠልቃል፣ እያንዳንዱ ጡት ሲጨርስ ለየብቻው ያላቅቃል። ወተቱን ይመዝናል፤ ወተቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበትን መጠን ለክቶም የጡት በሽታ ምልክት ካየ ለገበሬው ያስታውቃል። አንድ ሮቦት ስድሳ ያህል ላሞችን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ያልባል።

ልብ ማለት የሚገባን፣ ሮቦቱን መጀመሪያ የገዙት ብዙዎቹ ትላልቅ ድርጅቶች ሳይሆኑ የቤተሰብ እርባታዎች መሆናቸው ነው። በዚያ አገር የሠራተኛ ደመወዝ ውድ ነው፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ስድሳ ላም ያልባሉ፣ ልጆቻቸውም በሌሊት መነሳቱን ጠልተው ከእርባታው ይሸሻሉ። ሮቦቱ ለቤተሰቡ የሰጠው ከሁሉ በላይ ጊዜ ነው፤ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ሲያምም መተኛት። ለዚህም ከመቶ ሺህ ዩሮ በላይ ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ መብራት ሳይቋረጥ፣ ንጹሕ ውሃ ሳይጎድል፣ በተበላሸ ሰዓት ሌሊትም ቢሆን የሚደርስ ባለሙያ ሳይጠፋ መኖር አለበት።

ለእኛ ምን ይበጃል?

ሁለትና ሦስት ላም ላለው አባላችን ሮቦት ዛሬ የሚታሰብ አይደለም። ዋጋው አይመጥንም፤ የአገር ላምም ያለ ጥጃ አትለቅም። ሆኖም ሮቦቱን የፈጠረው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው፦ የቤተሰቡን ጉልበትና ጊዜ የሚበላው ምንድን ነው? በእኛ ቤት ጊዜ የሚበላው ማለቡ ብቻ አይደለም። ውሃ መቅዳቱ፣ መኖ መሸከሙ፣ ወተቱን በእግር ጣቢያ ማድረሱና መናጡ ይበልጣል። ይህም ሸክም በአብዛኛው በእናቶችና ከትምህርታቸው በሚቀሩ ልጆች ጫንቃ ላይ ነው።

የሌሎች አገሮች ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ምሳሌ ይሰጠናል። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ1946 በአናንድ የተቋቋመው፣ በኋላ “አሙል” በሚል ስም የታወቀው የገበሬዎች ዩኒየን፣ ጥቂት ላምና ጎሽ ያላቸው አባላት በእጅ ያለቡትን ወተት በየመንደሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየተቀበለ፣ የስቡን መጠን ለክቶ እንደ ጥራቱ ይከፍል ነበር። ያ መንገድ በመላው አገር ተስፋፍቶ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የዓለም ቀዳሚ ወተት አምራች ሆነች፤ ሮቦት ግን አልነበራትም። በቻይና ደግሞ አነስተኛ አርቢዎች ላሞቻቸውን ወደ ጋራ የማሽን ማለቢያ ጣቢያዎች ይወስዱ ነበር። ማሽኑ ነበረ፤ ቁጥጥሩና እምነቱ ግን አልነበረም። በውሃ የቀጠነውን ወተት ለመሸፈን ሜላሚን የተባለ ኬሚካል ተጨምሮበት እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት ሕፃናት ሞቱ፣ ወደ ሦስት መቶ ሺህ የሚጠጉ ታመሙ። ወተቱ ላይ ውሃ የሚጨምር እጅ ካለ የትኛውም ማሽን አያድነንም። ላክቶሜትሩ በጣቢያችን ሲቀመጥ የሚሰማን ቅሬታ ካለ ይህን እናስታውስ።

በመሆኑም ከታሪካችን ተነስተን ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብናደርገው ይበጃል እንላለን።

አንደኛ፣ መኖና ውሃ። በደጋችን የተለመደው ትሪ ሉሰርን በየአጥሩ ይተከል፤ የመኖ መቁረጫ ማሽን በየማኅበሩ ይኑር። ሻጋታ የያዘ ፋጉሎ አይገዛ፤ ከመኖው የሚመጣ አፍላቶክሲን ወተቱ ውስጥ እንደሚገባ በአዲስ አበባ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣና ጥራትን የተከተለ ክፍያ። የጾምን ኪሳራ የምንቋቋመው ወተቱን ወደ ቅቤና አይብ የሚለውጥ የጋራ ማዘጋጃ ሲኖረን ነው። በዚህም ጊዜ የእናቶች የቅቤ ገንዘብ በባል ስም በተከፈተ ደብተር እንዳይዋጥ፣ ሚስቶችም በስማቸው አባል ይሁኑ።

ሦስተኛ፣ ስምንትና አሥር ዲቃላ ላም ላላቸው አባላት አነስተኛው ባልዲ ያለው ማለቢያ ማሽን ሊታሰብ ይችላል። ነገር ግን ጎማው በወቅቱ ካልተቀየረና በሙቅ ውሃ ካልታጠበ የጡት በሽታን ከላም ወደ ላም የሚያዛምተው እሱ ይሆናል። መብራት በሚጠፋበት ቀን በእጅ የሚያልብ ሰው መኖርም አለበት። ስለዚህ መጠገን የሚችል ወጣት በዩኒየኑ ሳይሠለጥን ማሽን አይገዛ።

አራተኛው ግን ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ነው። የሮቦቱ ትልቁ ጥበብ ክንዱ ሳይሆን መዝገቡ ነው። የትኛዋ ላም ስንት እንደሰጠች፣ መቼ እንደደራች፣ መቼ እንደተዳቀለች፣ የትኛዋ ጡት እንዳበጠ ያውቃል። ይህን ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይሠራዋል፤ የስድስተኛ ክፍል ልጅም ይጽፈዋል። ደብተር የያዘ አባል የትኛዋን ጊደር ማስቀረት፣ የትኛዋን መሸጥ እንዳለበት በግምት ሳይሆን በቁጥር ይወስናል።

የሣህለ ሥላሴ ዘመን ወፍጮ ቆመ፤ ዛሬ ግን ወፍጮ የሌለበት መንደር ጥቂት ነው። ጊዜው ሲደርስ፣ ሰውም ሲዘጋጅ ማሽን ይገባል። አንድ ቀን በአንጎለላ ሜዳ ወይም በአንኮበር ዳገት ላይ የአባሎቻችን የልጅ ልጆች ላሞቻቸውን በሮቦት ያልቡ ይሆናል። ያ ቀን ሲመጣ ማሽኑ የሚያገኘው በደንብ የተቀለበች ላም፣ በታማኝነት የሚሠራ ማኅበርና በደብተር የተያዘ ታሪክ እንዲሆን ማዘጋጀት ግን የዛሬዎቹ አባላት ድርሻ ነው። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይባል የለ!

መልካም የምሥረታ በዓል ለሁላችን!